ከሚዮ ጎን ያለው ወንበር

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ልጅቷ ትፈራሻለች አሉኝ። የነገረችኝ የክፍሉ አስተማሪ ሚስ ፓርከር ናት፤ ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ በሩን ገርበብ አድርጋ። "ስታናግሪያት ትደነግጣለች። ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። አላየሽም?" አለችኝ። አላየሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጎኗ ተቀምጬ አላየሁም። ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለኝ?

ሚዮ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ለሥራ ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ከጃፓን ይዟት መጣ፤ እናቷ ገና አልደረሰችም። እስከ ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። ረዳት ሲፈልጉላት እኔን ሰጧት። እኔ ከጃፓን የማውቀው መኪናዋን ነው። "አንቺም ከውጭ የመጣሽ ነሽ፣ ይገባሻል" ብለውኝ ነበር። ምኑ እንደሚገባኝ ግን አልነገሩኝም። በዚያች ዝቅ ባለች የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ እቀመጣለሁ፣ ሥዕል አሳያታለሁ፣ እጠይቃታለሁ። የምንግባባ ይመስለኝ ነበር።

ሚስተር ሂዩዝ፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ ረቡዕ መጥቶ ያየናል። ዓርብ ከአባቷ ጋር ተነጋግሮ እኔ ልቆይ ወይስ ሌላ ሰው ይምጣ የሚለውን ይወስናል። የሙከራ ጊዜዬ እስከ ገና ነው። ከሚዮ ካነሱኝ ሌላ ቦታ የሚሰጡኝ አይመስለኝም።

የሚያስፈራት ምን ሊሆን ይችላል፦
የአንገቴ ንቅሳት።
ቁመቴ። (ግን ቁጭ ብዬ ነው የማናግራት።)
የቅባቴ ሽታ።
ፊቴ ሲከፋኝም ደስ ሲለኝም አንድ መሆኑ። ይህን የምትለኝ ልጄ ቤዛ ናት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አንገቴን በሻርፕ ሸፈንኩ። ቅባቱን ተውኩት፤ እጄ አመድ መሰለ። ስቶክዌል ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ፈገግታ ተለማመድኩ። አንዲት ሴትዮ ለእሷ መስሏት መልሳ ፈገግ አለችልኝና አፈርኩ።

ጠዋት የእንስሳት ሥዕል ነበር። "ሚዮ፣ ይሄ ድመት ነው?" አልኳት በእንግሊዝኛ። መለሰችልኝ። "ውሃ ትፈልጊያለሽ?" መለሰችልኝ። ሄጄ አመጣሁላት፣ ጠጣች። ቀና ስል ሚስ ፓርከር ከወዲያ ማዶ "አየሽ?" በሚል ዓይን ታየኛለች። ምኑን? ልጅ ውሃ ጠማት፣ ውሃ ጠጣች።

በምን መለሰችልኝ? በቃል አይደለም። ግን አዎ ማለቷን አውቄያለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ልጽፈው ስል ግራ ገባኝ።

ትንሽ ድል፦ ምሳ ላይ ብርቱካኗን ልጣጩ ሳይበጠስ ላጠችና ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። የፈራ ልጅ ልጣጭ ያሳያል?

እዚሁ ትምህርት ቤት ምሳ አዳይ ነበርኩ። ልጆች ይቀርቡሻል ብለው ነው ረዳት ያደረጉኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን አገር ቤት ሳለሁ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ እዚህ ደግሞ ሰው ባቡር ላይ ትቶት ከሚወርደው ለቃቅሜ ነው። ብዙ ነገር አንብቤበታለሁ። ዝም ስለምትል ልጅ የተጻፈ ግን አልገጠመኝም።

ሽታዬ ካልሆነ፣ ንቅሳቴ ካልሆነ፣ የቀረሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሚስተር ሂዩዝ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ሰረዝ ያሰምራል። ሚዮን "ይሄ ቀይ ነው?" እላታለሁ፤ ሰረዝ። "እርሳስ ልስጥሽ?" ሰረዝ። "ደከመሽ?" ሰረዝ።

ሲጨርስ ደብተሩን አዙሮ አሳየኝ። አሥራ አንድ ሰረዝ። "ይህን ያህል ጊዜ ደንግጣለች" አለኝ። "አስም ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር። ግን ከእኔም ከሚስ ፓርከርም ጋር አታደርገውም፤ ካንቺ ጋር ብቻ ነው።" በትሕትና ነው የተናገረው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ሽሮ ጣድኩ። ቤዛ ከኮሌጅ መጣችና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ስልኳን አስቀምጣ ሰማችኝ፤ ይሄ ራሱ ብርቅ ነው።

"ማሚ፣ ግን ሥራውን ትወጂዋለሽ?" አለችኝ።

ዞር ሳልል መለስኩላት።

"አሁን ያደረግሽውን ድገሚው።"

"ምን አደረግሁ?"

"ሥራውን ትወጂዋለሽ ወይ አልኩሽ።"

"አዎ አልኩሽ።"

"አላልሽም። ማሚ፣ ሊትረሊ፣ አላልሽም።" ከዚያ አፏን ትንሽ ከፈት አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገችው። "ይሄን ነው ያደረግሽው።"

"ታዲያ አዎ ማለት አይደለም?"

"ለእኛ ነዋ። ለእነሱ እኮ የደነገጥሽ ነው የሚመስላቸው። ፕራይመሪ ሳለሁ ጓደኞቼ እናትሽ አስም አለባት ወይ ይሉኝ ነበር።"

"እና አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? አትተንፍሺ ልበልሽ?"

ማማሰያውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ አልደነገጠችም። አሥራ አንዱም ሰረዝ አዎ ነበር። እንግሊዝኛ አስለምዳታለሁ ብዬ የእኛን አገር አዎ አስለምጃታለሁ። ከእኔ በቀር ማን ይወቅላት? ለእኔ ጆሮ እኮ ትንፋሽ ሳይሆን አዎ ብቻ ነው የሚሰማው።

ቤዛ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽሮው አረረ፤ መሳቁንም ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የምለውን አውቶቡስ ላይ አጥንቼ ገና ደወል ሳይደወል ሚስተር ሂዩዝ ቢሮ ገባሁ። "እኛ አገር ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን ይስባል" አልኩትና አሳየሁት። ወንበሩን ወደ ኋላ ፈቀቅ አደረገ። ድጋሚ አሳየሁት።

"እና ልጅቷ ይህን ካንቺ ተማረች?"

ልስብ ስል አፌን ያዝኩ። "የስ" አልኩ።

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ደስም ብሎታል፣ ፈገግ ብሏል። "እንግዲያው አልፈራችሽም፣ ይሄ ጥሩ ነው" አለ። ቀጥሎ ግን "እኛ እኮ ልጅቷን የሰጠንሽ እንግሊዝኛ እንድታስለምጃት ነው" አለኝ። ሚስስ ዶይልን ከሰኞ ጀምሮ ከሚዮ ጋር ሊያስቀምጣት አስቧል። የአራተኛ ክፍል ረዳት ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ ጥሩ ሰው። የነገው ስብሰባ ለአባቷ ለመንገር ነው ማለት ነው።

ትናንት ጥፋቴ ማስፈራቴ ነበር፤ ዛሬ ማስተማሬ ሆነ። ምኑን ልያዝ?

ቀኑን ሙሉ ትንፋሼን ስጠብቅ ዋልኩ። ለሁሉም "የስ"፣ በድምፅ። ሚዮ አፌን ታያለች። ትንፋሿን ስባ ስትመልስልኝ "የስ በይ" አልኳት። ደገምኩላት፤ "የስ"። አፏን ገጠመችው። ከምሳ በኋላ ምንም ነገር ብጠይቃት አልመለሰችልኝም። ጠረጴዛውን ብቻ ታያለች።

የነበራት አንድ መልስ ነው፤ እሱንም ወሰድኩባት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን አልደረስኩም፤ መንገድ ላይ ስሙን ጠራሁት። ምን ብዬ እንደለመንኩት ግን እኔም አላውቅም። እንድቆይ ነው? ወይስ ለልጅቷ እንዲሻላት? ሁለቱ አንድ ይሁኑ አይሁኑ ለእሱ ተውኩለት።

ጠዋት ክፍል ስገባ ሚዮ ቀና አላለችም። ኮቷን ታወልቅ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ዝም። ከዚያ ሚስ ፓርከር ከወዲያ ሆና መቀሱን እንዳቀብላት ጠየቀችኝ። ሳላስበው ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ፤ ወዲያው "የስ" ጨመርኩበት። ሚዮ ቀና ብላ አየችኝ። ኮቱን እንደገና ጠየቅኋት፤ ሳብ አደረገች። በቃ፣ መጠንቀቁ ይቅርብኝ አልኩ። ቀኑን በሁለቱም መለስኩ፤ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ቃል። የመጨረሻ ቀናችን ከሆነ ተኳርፈን አንለያይም።

ከትምህርት በኋላ ትንሿ ክፍል ተሰበሰብን። እኔ፣ ሚስተር ሂዩዝ፣ ሚስስ ዶይል፣ ሚዮና አባቷ። አባትየው ዝናብ እንደመታው መጣና ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ። እኔም ነሳሁ። እሱ ደገመ፣ እኔም ደገምኩ። ማን ማቆም እንዳለበት ሳናውቅ ሚስተር ሂዩዝ ወንበር ሳበልን።

የትንፋሹን ነገር ሲነግሩት አባትየው ግራ ገባው። "እቤትም ታደርገዋለች" አለ ቀስ እያለ። "የእንግሊዝ ልጆች የሚያደርጉት መስሎኝ ነበር።" ሚስስ ዶይል ሳቋን ሳል አስመሰለችው።

ከዚያ ሚስተር ሂዩዝ ሚዮ ፊት በርከክ ብሎ በዝግታ ጠየቃት። "ሚዮ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከጎንሽ የምትቀመጠው ሚስስ ዶይል ናት። ይሁን?" እጁን ወደ ሚስስ ዶይል ዘረጋ። እሷም እጇን አወዛወዘችላት።

ሁላችንም የሚዮን አፍ አየን። ያቺን ትንፋሽ ነው የጠበቅነው፤ ሌላ መልስ የላትም። እኔም ጠብቄ ነበር። ስትስብ እንዳይከፋኝ ወደ መስኮቱ ዞር ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

"ኖ" አለች።

ድምፅ ነው። ወፍራም ናት ድምጿ፤ እንዲህ አልጠበቅሁም። አባቷ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቃት። ለእሱም በእንግሊዝኛ መለሰችለት። "ኖ።" በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። ልብሴን እንጂ ፊቴን አላየችም።

ይህን ከእኔ አልተማረችውም። እኔ እዚያ ግቢ ውስጥ ለማንም ኖ ብዬ አላውቅም።

ሚስተር ሂዩዝ ከተንበረከከበት ሳይነሳ ደብተሩን ከፍቶ ጻፈ፤ ሰረዝ አይደለም፣ ረዘም ያለ ነገር ነው። "ሰኞ ጠዋት እንነጋገር" አለ። ለማን እንዳለው ግልጽ አልነበረም። ሚስስ ዶይል "እኔ በበኩሌ መልሷ ገብቶኛል" ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ታዲያ ሰኞ የት ነው የምቀመጠው? ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ሚዮ ግን እጄን ይዛ ኮቷ ወደተሰቀለበት መጎተት ጀምራለች፤ ተከትያት ወጣሁ።