የሃይደንሮዳ መዶሻና ከካርታ የወጣው ከሰል ሜዳ

ለተከበሩ የወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ፤

ውርጩ በበረታበት በዚህ ሰሞን ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ብዙ ሥራ አለብዎትና ጤናዎን የምመኘው ከልቤ ነው።

በቅድሚያ ሃይደንሮዳ ከምትባል የጀርመን ገጠር ወረዳ ጋር እህትማማች ስላደረጉን አመሰግናለሁ። በአዳራሹ ግድግዳ ያሰቀሉትን የእህታችንን ካርታ፣ ታሪክና አርማ ቆሜ አነበብኩ። አገሩ እንደኛው ብርዳምና ድንጋያም ነው። ጋሻ መሳዩ አርማ ላይ ጥድ፣ የወንዝ ሞገድና መዶሻ ተሥለዋል። ከዚያው የመጡት ጀርመናዊ እንግዳ በአስተርጓሚ እንደነገሩን፣ መዶሻው በጥንት ወረርሽኝ ሰው ያለቀበት የብረት ቀጥቃጮች መንደር መታሰቢያ ነው። መንደሩ ዛሬ ሣር ነው፤ ካርታው ላይ ግን ስሙ አለ።

ወደ ቀሪው ምስጋናዬ ልዝለቅ።

አንደኛ፣ ለእኛም ወረዳ ዋልያ፣ የገብስ ዛላና መዶሻ ያለበት አርማ ካሣሉ በኋላ፣ ኮሚቴዎ «ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ እንግዳ ፊት ያሳፍራል» ብሎ መዶሻውን አስፍቋል። ከጀርመኑ መዶሻ ሥር ግን «የኢንዱስትሪ ምልክት» ብሎ ጽፏል። የፈረንጅ መዶሻ ኢንዱስትሪ፣ የእኛው ቡዳ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ አዲሱ የወረዳችን ካርታ መንደሬን ከሰል ሜዳን በጎረቤት መንደር ስም መጠቅለሉ ቀለም ቆጥቧል። እውነት ነው፣ ቀጥቃጮቹ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ በመንደሩ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የአገሩ ማረሻ ሁሉ የሚግለው ግን በጎረቤቴ በአያ ሀዳነ ወናፍ ነበር። ማረሻችንን ይዘን ደጃቸው እንሰለፍ ነበር፤ እህላቸውን ግን አንቀምስም ነበር። ዛሬ በቤቶቻቸው ፍርስራሽ በኩል ሳልፍ «እንደምን ዋላችሁ» እላለሁ። የማዶዋ ባልቴት ሽታዬ «ምነው አያ በላቸው፣ ከግድግዳ ተዛመድህ?» እያለች ትስቅብኛለች። የሰው ድምፅ ነውና ሳቋን እወደዋለሁ።

ሦስተኛውን ያለ ምስጋና ልጻፈው። አያ ሀዳነ አምና እዚያው እስራኤል አርፏል። ልጁ ኤልሳቤጥ አባቷ ብረት የቀጠቀጠበትን ቦታ ልታይ ልትመጣ ነው። ጎንደር ፒያሳ የምትከራየው ማኪና ሾፌር ከሰል ሜዳ የሚባል ስም ካጣ ከመንገድ ይመልሳታል። እኔም አርጅቻለሁ፤ እኔ ካለፍኩ ቦታውን የሚያሳያት የለም። የምለምነው ካርታው ላይ አንድ ስም ነው።

ካርታዎ የማያውቀው፣ ግብር ሰብሳቢዎ ግን ስቶት የማያውቀው ትሑት አገልጋይዎ፣

በላቸው አስናቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጀርመን እንግዶች የእኛንም ቀጥቃጮች መንደር ካላየን ቢሉ፣ መንገድ መሪ ፍለጋ አይድከሙ። ጭስ ከአንድ ቤት ብቻ የሚወጣበት ሜዳ ነው።