ከጉድጓዱ አጠገብ የነበረው ባሕር ዛፍ

ሰቆጣ፣ የካቲት 1966 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አስማረ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንደሚጀመር ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች አስተምሬአለሁ። አንተን ግን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ አላወቅሁበትም። ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር። ከጉድጓዱ አጠገብ የተከልከው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል። ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግርህ በቅደም ተከተል ከእኔ ስማው።

ችግኙን ያመጣህበትን ቀን ታስታውሰው ይሆናል። ከትምህርት ቤት ለየተማሪው ሲታደል የደረሰህን በቆርቆሮ ጣሳ ይዘህ መጣህ። እኔ ከቤቱ ርቆ፣ ከአጥሩ ጥግ እንዲተከል ቦታ ለክቼ ምልክት አድርጌ ነበር። ስመለስ ከጉድጓዱ አፍ ሥር ተክለኸው አገኘሁ። «ለምን?» ብልህ፣ «አባባ፣ ውኃ ተሸክሜ እስከ አጥር ልመላለስ እንዴ? ጠጪውን ወደ ጋኑ ማስጠጋት ይሻላል» አልከኝ። እናትህ ሳቀች። እርሷ ከሳቀች ነገር አለቀ ማለት ነው፤ ችግኙ እዚያው ቀረ።

ወደ ሁመራ ስትወርድ ዛፉ ከቤቱ ክዳን አልፎ ነበር። ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብለህ ነው የሄድከው። አብረውህ የወረዱት ተመለሱ። ከእነርሱ አንዱ ምትኩ መጥቶ፣ «አስማረ አንድ ዓመት ልጨምር ብሎ ቀርቷል፤ ደህና ነው» አለን። በሚቀጥለው ዓመት የተመለሱት ደግሞ ድንበሩን ተሻግሮ ሄደ ሲባል ሰማን አሉ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አልመጣም። ሞተ የሚልም አልመጣም። ይኸው ስድስተኛ ዓመትህን ይዘሃል።

እናትህ ዛፉን የሙጥኝ ያለችው ከዚያ ወዲህ ነው። በኮረም በኩል የሚመጣ መንገደኛ ከአፋፉ ላይ ሲደርስ በእኛ ሰፈር ካለው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኛን ባሕር ዛፍ ነበር። «ልጄ ሲመጣ ቤቱን የሚለየው በእርሱ ነው» ትላለች። «እታለም፣ ሰው የተወለደበትን ቤት ይረሳል?» ስላት፣ «አንተ ስለማትረሳ ሁሉ ሰው እንዳንተ ይመስልሃል» ትለኛለች። አንድ የሚካኤል ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ጠበል ጸዲቅ ሊቀምስ እቤታችን በተሰበሰበበት ተነሥታ ማለች። አስማረ ሳይመጣ ይህን ዛፍ የነካ እኔን ነካ አለች። መሐላውን ልብ በልልኝ፤ ጎረቤቶቻችን አልረሱትም።

ዛፉ ግን እያደር አስቸገረን። መጀመሪያ የእናትህ ጌሾ ደረቀ። ቀጥሎ ሥሩ የምሥራቁን ግድግዳ ከመሠረቱ አነሣውና ድንጋዮቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቁ። ነፋስ ሲነሣ ቅጠሉ የሚራገፈው ከበላያችን ባለው በጥሩሐረግ ግቢ ነው። ምላሷን ታውቀዋለህ። «መምህር፣ ይህ ዛፍዎ ጠጥቶ የሚያድር በእናንተ ቤት፣ የሚያራግፍ በእኔ ቤት! ምን ዓይነት እንግዳ ነው?» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ያለፉት ሁለት ክረምቶች ሳይዘንቡ አለፉ። ስለ ረኃቡ ብዙ አልጽፍልህም፤ ባለህበት ሰምተህ ይሆናል። የጉድጓዳችን ውኃ ጭቃ ሆነ፣ ጭቃውም አፈር ሆነ። እናትህ ከወንዝ አሸዋ እየጫረች መቅዳት ጀመረች። በዚህ ዕድሜዋ እንስራ አዝላ ያንን ዳገት ስትወጣ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ገመድ አስሬ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ግድግዳው ዙሪያውን በሥር ተሸፍኗል። ከሥሩ ጥቂት ቆርጬ አወጣሁና ፊቷ አስቀመጥኩት። «ውኃችንን የሚጠጣው ይኸው» አልኳት። ሌላ ቀን የግድግዳውን ስንጥቅ አሳየኋት። ሌላ ቀን ደግሞ የደረቀውን ጌሾ። ትምህርት ለሚከብደው ተማሪ እንደማደርገው ሳልቆጣ፣ ሳልቸኩል፣ ደጋግሜ አስረዳኋት። በመጨረሻ ከወንዝ ተመልሳ እንስራዋን አወረደችና፣

«እኔ ሳላይ ቁረጠው» አለችኝ።

እኔም እንዳለችው አደረግሁ። ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ጠዋት ወደ ወንዝ እንደወረደች እንጨት ቆራጩን ምንዋጋውን አስጠራሁት። መጥረቢያውን እየሳለ ዛፉን ሽቅብ አየው።

«መምህር፣ ይህን ምን እያበሉ ነው ያሳደጉት? የእኔ ልጆች እኮ ቅርንጫፉን አያክሉም።»

«ውኃዬን ነው የጠጣው» አልኩት።

«እንግዲያ ስቆርጠው ይፈስልዎታል፤ እንስራ ያቅርቡ!»

ቤቱ ላይ እንዳይወድቅ ገመዱ የት እንደሚታሰር፣ መጥረቢያው በየት በኩል እንደሚጀምር አስቀድሜ አስቤበት ነበር። የሚተኛበትን መስመርም በካስማ ምልክት አድርጌአለሁ። ምንዋጋው፣ «ዛፍም ያስተምራሉ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዛፉ ግን ካልኩት መስመር ዝንፍ ሳይል ወደቀ። ግድግዳውን አልነካም፤ አጥሩን አልነካም። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ የተሳካልኝ ነገር አልነበረም።

ጩኸቱን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥሩሐረግ ከደጇ ቆማ ዘወትር የምታየውን የዛፍ ጫፍ ድንገት አጣችው። በአገራችን የግቢ ትልቅ ዛፍ በከንቱ እንደማይወድቅ ታውቃለህ። ወይ ለሠርግ ዳስ ነው፣ ወይ ለተዝካር ማገዶ። በእኛ ቤት የሚዳር ልጅ የለም። እናትህም ምላለች። እንግዲህ መርዶ መጥቷል ማለት ነው። ጥሩሐረግ ነጠላዋን አገልድማ፣ «ወይኔ አስማረ! ወይኔ የእታለም አንድዬ!» እያለች ቁልቁል ሮጠች። ከየደጁ የሰማ ሁሉ ተከተላት።

«ጥሩሐረግ፣ ዝም በይ! ማንም አልሞተም። ያስቆረጥኩት ለውኃው ነው» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። ያ ምላስ የት እንደሄደ አላውቅም፤ እንደ ሕፃን አባበለችኝ። «እሺ መምህር፣ እሺ። እታለም ገና አልሰማችም ማለት ነው? ይተዉት፣ እኛ እንነግራታለን። እርስዎ አይችሉትም።»

«የሚነገር ነገር የለም እኮ ነው የምልሽ!»

«እንዲህ ነው የሚባለው፣ መምህር። እኔም የወንድሜ ጊዜ እንዲሁ ተብዬአለሁ።»

መርዶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ። ዘመድ እስኪሰበሰብ የሰማው ሁሉ ይክዳል። ደህና ነው ይባላል፤ ትንሽ አሞታል ይባላል። ስለዚህ እኔ በካድኩ ቁጥር ነገሩ እየጸና ሄደ። ምንዋጋው እንኳ መጥረቢያውን ጥሎ፣ «መምህር፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ? እየሳቅሁ ቆረጥኩት እኮ!» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ከጠዋት ጀምሮ አብሮኝ ነበር። ወደ ግቢያችን የገባ መልእክተኛ እንደሌለ በዓይኑ አይቷል። እርሱም አላመነኝም።

እናትህ ጩኸቱን ከዳገቱ ሥር ሆና ሰምታለች። እንደ ሌላ ሰው አልሮጠችም። እንስራዋን እንዳዘለች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። የወደቀውን ዛፍ አየች፤ ሰዎቹን አየች፤ በመጨረሻ እኔን አየችኝ።

«ለውኃው ነው አልከኝ» አለች።

«ለውኃው ነው፣ እታለም።»

«ጉድጓድ ድረስ ወርደህ፣ ሥሩን አውጥተህ አሳየኸኝ።»

ከዚያ የእንስራውን ገመድ ለቀቀችው።

ምን እንዳሰበች ገባኝ፤ ግን ዘገየሁ። ያ ሁሉ ማስረጃ፣ ያ ሁሉ ትዕግሥት፣ መርዶዋን ሰምቼ ቀስ በቀስ ላረዳት የሸረብኩት መሰላት። በደንብ ባላስረዳኋት ኖሮ ባልጠረጠረችኝ ነበር። ያለቀሰችው በአገውኛ ነው፣ በእናቷ ቤት ቋንቋ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬአት ኖሬ ግማሹን አልተረዳሁትም። የገባኝ ስምህ ብቻ ነበር።

ለምን እዚያው ላይ አላስቆምከውም ትለኝ ይሆናል። ላስቆመው ቆርጬ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ጎረቤቶች ንፍሮ ይዘው መጡ። አስማረ፣ ዘንድሮ ንፍሮ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ያልነበረ ሰው አያውቅም። ለዘር ያስቀሩትን ነው የቀቀሉት። ጥሩሐረግ ያመጣችው ሽምብራ የሣህኑን ወለል እንኳ አልሸፈነም። የገዛ ልጆቿን ቅጠል ቀቅላ እንደምታሳድር አውቃለሁ። ይህን ይዘው ለመጡ ሰዎች፣ ተሳስታችኋል፣ ይዛችሁ ተመለሱ ልበላቸው? እጄን ዘረጋሁ። ተቀብዬ በላሁ። የአንተን ንፍሮ በላሁ። ከዚያ በኋላ አልሞተም ብዬ ብናገር ማን ይሰማኛል?

እናትህ ፀጉሯን ተላጨች፤ ጥቁር ለበሰች። ለፍትሐትህም የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ጻድቅን አስጠራች። እርሳቸው እኔን ለብቻዬ ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«መምህር፣ መሞቱን ያየ አለ?»

«የለም፣ አባቴ።»

«ከሰው የሰማ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ፍትሐት አላደርስም። ለሕያው ፍትሐት አይደረግም።» ጥቂት አሰቡና፣ «አንድ ቃል ካለዎት ግን ይንገሩኝ፤ ለእርሷ ብለው» አሉኝ።

አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው። ያችን ቃል ብናገር ጸሎትህ ይደረጋል፤ እናትህም ታርፋለች። ልጆች ያልሠሩትን ሠርተዋል ብዬ አንድ ቀን ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም፤ አዝኜላቸው እንኳ አልሰጠሁም። ለአንተ ሞት እንዴት ልስጥ? አልተናገርኩም። እናትህ ደግሞ በግትርነቴ ለልጇ ፍትሐት የከለከልኩባት ይመስላታል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱ ትለኛለች። ከተጋባን ጀምሮ ብላኝ አታውቅም ነበር። እራት ስታቀርብልኝ እጄን ታስታጥበኝና በዝግታ ትጠይቀኛለች።

«የት ተቀበረ አሉዎት?»

«አላውቅም፣ እታለም።»

«የታቦቱን ስም ብቻ ይንገሩኝ። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

«ባውቅ እነግርሽ ነበር።»

«እሺ። ይብሉ።»

ጉድጓዱ ውኃ አልሰጠም። ይህንንም ልነግርህ ይገባል። በየጊዜው ድንጋይ እጥልበታለሁ፤ የሚሰማው ድንጋይ ድንጋይን ሲመታ ነው። ከመጀመሪያውም ያደረቀው ዛፉ ይሁን ሰማዩ፣ አሁን ለይቼ ለመናገር አልደፍርም። ግድግዳው እንደተሰነጠቀ ነው። ግንዱ በወደቀበት መስመር ላይ ተኝቷል፤ ለተዝካርህ ነው ስለሚሉ የሚነካው ሰው የለም።

ጉቶው ግን አቆጠቆጠ። ምንዋጋው ከሥሩ ቆፍረን እናውጣው ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እርሱም አቅም አጣ፣ እኔም ልብ አጣሁ። አሁን ቀይ ለጋ ቅጠል በጉቶው ዙሪያ ይወጣል። እናትህ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ትቀነጥበዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት ልጄን ያመጣልኛል ብላ የጠበቀችው ዛፍ ነው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «ተይው እንጂ፣ ምን አደረገሽ?» አልኳት። ቀና አላለችም።

«ይህም እንደርስዎ አልሞተም ይለኛል» አለችኝ።

ልጄ ሆይ፣ በልቤ ያለውን ብነግርህ፣ የምትመጣ አይመስለኝም። እንደማትመጣ አውቃለሁ ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ ይቆማል። ያን አውቃለሁ ካልኩማ እናትህ ልክ ነበረች ማለት ነው። ስለዚህ ተስፋ መቁረጥ እንኳ አልተፈቀደልኝም። አላውቅም ብዬ እቀመጣለሁ፤ የቀረኝ እውነት ይኸው ነው። የእኔ ምስክር አንተ ብቻ ነህ።

ይህን ደብዳቤ ለምትኩ እሰጠዋለሁ። ክረምት ሲገባ ለሰሊጥ አረም ወደ ሁመራ ይወርዳል። እንደ ሌሎቹ እርሱም ሲቀበለኝ ዓይኑን ከዓይኔ እንደሚያሸሽ አውቃለሁ።

ድንገት እጅህ ከገባ ግን እንዲህ አድርግ። ከአፋፉ ላይ ስትደርስ ዛፉን አትፈልግ፤ እዚያ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ጽዶች ያዝ፤ ከእነርሱ በስተግራ ቁልቁል ስትመለከት ግድግዳው የተሰነጠቀው ቤት የእኛ ነው። በቀጥታ እንዳትገባ። የተለቀሰለት ሰው ድንገት ደጃፏ ላይ ቢቆም እናትህ አትችለውም። መጀመሪያ ወደ አባ ወልደ ጻድቅ ሂድ፤ እርሳቸው ቀድመው ይንገሯትና ይዘውህ ይምጡ። ማለዳም አትምጣ። በማለዳ ደጅ የሚመታ መርዶ ነጋሪ ነው። ቀን ና፣ ሰው ሁሉ እያየህ።

የት እንደከረምክ፣ ለምን እንደቀረህ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እናትህ አንገትህን አቅፋ አልቅሳ ስትጨርስ፣ እኔ ብነግራት ስለማታምነኝ፣ አንተ ንገርልኝ። አባባ አያውቅም ነበር በላት።

አባትህ
ወርቅአገኘሁ