አሮጊቷ ማሽን አንተ ጋ ከደረሰች ወዲህ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ብርዱ እንዴት አደረገህ? ያ የትከሻህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ እያቃሰትክ ነው የምትነሳው? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? እማማ "ከስቶ ይሆናል" እያለች ከራሷ ጋር ስታወራ ትውላለች። እኛ ሁላችን በጤና አለን፤ አባባም አለ። የእሱን ነገር ግን ቀስ ብዬ ነው የምነግርህ፣ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው። ስልክ ብደውል የማደሪያችሁ ዘበኛ ያነሳና በማላውቀው ቋንቋ ይቆጣኛል፤ ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለስኩ።

እዚህ ወሬው ሁሉ ፋብሪካ ሆኗል። የጨርቃ ጨርቁ በር ከተዘጋ በኋላ የጫማውም የሳሙናውም ተከተለ፤ አሁን አገር ምድሩ "ማን ገደላቸው?" እያለ ይከራከራል። ፀጉር አስተካካዩ ከውጭ በሚገባው ርካሽ ዕቃ ያሳብባል። ጎረቤታችን የድሮው የሂሳብ ሹም ደግሞ ሠራተኛው ሰንፎ ነው ይላል፤ እሱ ራሱ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ጡረታ የወጣ ሰው! በቀደም ምላጩ ጉንጩ ላይ እያለ ተጣልተው፣ ሰውዬው ግማሽ ጢሙን ይዞ ወጣ። ትንሿ እህታችን ወሬ ስለማያመልጣት "ሬድዮ" ያልናት ያለ ነገር አይደለም፤ የሰማችውን ክርክር ሁሉ እራት ላይ ትደግምልናለች። አባባ ብቻ ያዳምጣል። አንድ ቀን ቀና ብሎ "ፋብሪካው አልሞተም፤ እንደ ልጄ ተሰደደ እንጂ" አለ።

ይህን ያለው ያለፈው ደብዳቤህ ከመጣ በኋላ ነው። አሮጊቷ፣ ያቺ አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራባት የቀኝ እጁን ሌባ ጣት የበላችበት የሽመና ማሽን፣ ተሸጣ አንተ የምትሠራበት ፋብሪካ እንደገባች፣ ጎኗ ላይ ባለው የአባባ ብየዳ እንደለየሃትና አሁን አንተ እንደተመደብክባት ስትጽፍልን እማማ በደስታ አለቀሰች። አባባ ፈገግ እንኳ አላለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ እጁ ሥራ ጀመረ። በእንቅልፍ ልቡ እንዳይመስልህ፤ ቁጭ ብሎ ከእኛ ጋር እያወራ እጁ ለብቻው ክር ይቀጥላል፣ ዘንግ ይስባል፣ ይመልሳል። ልያዘው ስል ጉልበቱ ከእኔ በላይ ነው። መጀመሪያ እርጅና ነው ብለን ነበር። ኋላ ልብ ስንል ግን፣ በስልክ እረፍቴ ነው ባልከን ቀን እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ፈረቃ ቀየርኩ ባልከን ሰሞን የእሱም ሰዓት አብሮ ተቀየረ። ይህን ለማንም አልተናገርንም። ማን ያምነናል?

ባለፈው ሳምንት ከዋና ከተማ ባለሥልጣናትና ምሁራን መጥተው ያንኑ ክርክር ባዶው የሽመና አዳራሽ ውስጥ አካሄዱት። አባባን ይዤው ሄድኩ። ወንበሩ በረድፍ ተደርድሮ ነበር። የድሮዎቹ የሽመና ሠራተኞች ሲገቡ ግን ማንም ሳያዛቸው ወንበራቸውን እያነሱ እያንዳንዳቸው ማሽናቸው ተተክሎበት ወደነበረው ቦታ ወሰዱት፤ የብሎኖቹ ጉድጓዶች ሲሚንቶው ላይ አሁንም አሉ። ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው፣ ማንም ወደሌለበት ዞረው ተቀመጡ። አስተናባሪው ሊያስተካክላቸው መጥቶ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። እኔ አባባ በተቀመጠበት በአሮጊቷ ቦታ አጠገብ ቆምኩ።

አንዱ ምሁር እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አገር ሲያድግ ፋብሪካ መቀነሱ ያለ ነው፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለም እያለ ሲያስረዳ የአባባ እጅ ይፈጥን ጀመር። የሌሎቹም እግር ወለሉን ይመታ ጀመር፣ ሁሉም በአንድ ምት። ድንገት አባባ ብድግ ብሎ "እጅህን አውጣ! እጅህን አውጣ ልጄ!" ብሎ ጮኸ። ምሁሩ ክው ብሎ እጁን ከኪሱ አወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሽመና ሰዎቹ ብቻ አልሳቁም፤ እግራቸውን አቁመው አባባን ያዩ ነበር።

ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኩት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እጁ ጨርሶ አልተንቀሳቀሰም። ሥራ በምትገባበት ሰዓትም ዝም ነው። እማማ "ተመስገን፣ ዳነልኝ" ትላለች። እኔ ግን ፈርቻለሁ ወንድሜ። ማሽኗ ተበላሽታ ይሆናል እላለሁ። ፋብሪካችሁም እንደኛው ተዘግቶ ሁላችሁንም አሰናብተዋችሁ ይሆናል እላለሁ። የፋብሪካ መዘጋት ስመኝ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እማማ በጣም ናፍቀኸኛል ብላሃለች፤ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላነበብኩላትም። ሬድዮ ጉንጭህን ስማለች፣ ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ላክልኝ ትላለች። ፀጉር አስተካካዩና የሂሳብ ሹሙ በዚህ ብቻ ተስማምተው ሰላም ብለውሃል። አባባን ምን ልበልልህ ብለው "ይጻፍልኝ" ብቻ ነው ያለኝ። በሰው እንዳታስጽፍ። ሁለት መስመር ትበቃናለች፤ ብቻ በቀኝ እጅህ ጻፋት።

ታላቅ እህትህ
ከፋብሪካው ጀርባ ካለው ቤታችን፣
የካቲት ፲፰ ቀን