ወንዶቹ መበለቶች

ጋምቤላ፣ ማክሰኞ ሐምሌ 13 ቀን 1963 ዓ.ም.

ያን የእህል መጋዘን ጸሐፊ ዛሬ በጥፊ አለማለቴ ይገርመኛል። የባሮ ሙላት ቤታቸውን ለወሰደባቸው መበለቶች የመጣውን የመንግሥት እህል ተቀበሉ ብሎ የመዘገባቸውን ሴቶች ስም ለአስተርጓሚዬ ለኦኬሎ አነበብኩለት። ኦሞድ፣ ኦባንግ፣ ኦጉላ እያልኩ ስወርድ አስቆመኝ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ሁሉ እንደኔ ወንድ ነው። የአኙዋክ ሴት ስሟ በአ ይጀምራል፤ አኬሎ፣ አባንግ።»

ጸሐፊው አሥር ዓመት እዚህ ተቀምጦ የአንዲት ሴት ስም እንኳ ጠይቆ አያውቅም። ጠርቼ አፋጠጥኩት። ምንም አልደነገጠም።

«የዓምናውም መዝገብ እንደዚሁ ነበር» አለኝ። «መርምረው የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ውሸታም ብዬ አባረርኩት። ማረፊያዬ ገብቼ የዓምናውን ቅጂ ከሻንጣዬ አወጣሁ። የመጀመሪያዋ መበለት ኦሞድ ትባላለች።