ከየኔነሽ የቀረው ጸሎት
የወይዘሮ ይታይሽ ይበልጣል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ይታይሽ ይበልጣል ከአባታቸው ከአቶ ይበልጣል ክንዱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዛለች ደሴ፣ በታች ጋይንት ወረዳ ከአርብ ገበያ ወረድ ብላ በምትገኘው በዚህችው መንደር በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በ1977ቱ ድርቅ አባታቸው እህል ፍለጋ እንደወጡ ሳይመለሱ ቀሩ። ሦስቱ ታላላቆቻቸውም በዚያው ዓመት ተከታትለው አረፉ። ከቤተሰቡ የተረፉት እናትና የስምንት ዓመት ልጅ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በወይዘሮ አዛለች ቤት ጸሎት አልተሰማም። ጎረቤትም ካህንም ሊያጽናኗቸው ሲመጡ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ብዬ ለመንሁ። ልጆቼ እየሰሙኝ ለመንሁ። አሁን አፌን ተዉልኝ።» ስለዚህ ይታይሽ አባታችን ሆይን ሳያውቁ አደጉ። የክርስትና ስም ነበራቸው፤ ከስሙ ያለፈ ነገር ግን አልነበራቸውም። አርብ ገበያ ትምህርት ቤት ሲገቡ ልጆች «የአዛለች ልጅ፣ እስቲ አማትቢ!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። የምትመልስላቸው የኔነሽ የምትባል የጎረቤት ልጅ ነበረች። «እኔ ለሁለታችንም አማትባለሁ፤ አንተ ምን አገባህ!» ትል ነበር አሉ።

በ1983 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ሁለቱ ልጆች፣ በአገሩ ልማድ ለዘመን መለወጫ ግድግዳ የሚቀባበትን ነጭ አፈር ሊያመጡ ከመንደሩ በታች ወዳለው ጉድጓድ ሄዱ። ነጩ አፈር የሚገኘው ከጥቁሩ መሬት ሥር ነው። ሴቶች በየዓመቱ ወደ ውስጥ እየፈለፈሉ ስለሚያወጡት ጉድጓዱ ዋሻ ሆኗል። ልጆቹ ውስጥ እያሉ፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ የጠጣው መሬት ተናደባቸው።

እናታችን ስለዚያ ቀን የነገሩን ጥቂት ነው። ጨለማ ነበር። አፋቸው አፈር ሞልቶታል። እጃቸው አይንቀሳቀስም። ከአጠገባቸው፣ ከማያዩት ቦታ፣ የየኔነሽ ድምፅ ይሰማቸው ነበር፤ አባታችን ሆይ እያለች ነው። እየደከመች፣ እያረፈች «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እስከሚለው ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ይታይሽ ቀጣዩን ቃል ጠበቁ። ሊቀጥሉላት ፈለጉ፤ ግን አያውቁትም። በሕይወታቸው ሁሉ ያስፈራቸው ከናዳው ይልቅ ያ ዝምታ ነበር።

የመንደሩ ሰው ቆፍሮ ሲደርስ ይታይሽ በሕይወት ተገኙ። የኔነሽ አልፋለች።

የተረፈችው ልጅ በሟች እናት ፊት እንዳትታይ ሰው ሁሉ መከረ፤ ሐዘን ትቀሰቅሳለች ተብሎ። የየኔነሽ እናት ወይዘሮ ውባለም ግን በሠልስቱ ዕለት ራሳቸው አስጠሯቸው።

«ልጄ ምን አለች?» አሏቸው።

ይታይሽ የሰሙትን ነገሯቸው። ወይዘሮ ውባለም «እንግዲያ ጨርሺላት» አሉ።

«አላውቀውም፣ እማማ።»

«ጸሎቱን አታውቂውም?»

«አላውቀውም።»

ለቀስተኛው እያየ ወይዘሮ ውባለም ልጅቱን አጠገባቸው አስቀመጡ፤ ልጃቸው ካቆመችበት ጀምረውም ቃል በቃል እያስደገሙ አስተማሯቸው፦ «በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል...» መጀመሪያውን አላስተማሯቸውም፤ እሱን የኔነሽ ብላዋለች። ታምኛለሽ ወይ ብለውም አልጠየቋቸውም።

እናታችን ክርስትናቸውን ያገኙት እዚያ ነው። ብርሃን አላዩም፤ ከሰማይ የመጣ ቃልም አልሰሙም። የተሰጣቸው ያላለቀ ጸሎት ነበር። እሱን ለመጨረስ ሲሉ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀመሩ፤ ጾሙ፣ ንስሐው፣ ቁርባኑ ከዚያ በኋላ መጣ። ለምን እኔ ተረፍሁ የሚለው ጥያቄ ግን ከእምነታቸው ጋር አብሮ ኖረ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። ወይዘሮ አዛለችም አልከለከሏቸውም። «አንቺ ሂጂ፤ እኔን ግን አትጎትቺኝ» አሏቸው። እናትና ልጅ በዚሁ ስምምነት ኖረዋል።

በ1987 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በነፋስ መውጫ አጠናቀቁ። በጎንደር የመምህርነት ሥልጠና ወስደው በ1989 ዓ.ም. በስማዳ ወረዳ በወገዳ ከተማ የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆኑ። በዚያው ዓመት የግብርና ባለሙያ ከሆኑት ከአቶ እንየው ተሻገር ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ዓለምነህንና ፋሲካን ወልደዋል።

በወገዳ ነሐሴ ሲያልቅ ጃንጥላቸውን ይዘው ነጭ አፈር ወደሚወጣበት ቦታ ይወርዱና ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቆማሉ። ሴቶቹ «መጣች የጉድጓዱ ዘበኛ! ደመወዝሽ ስንት ነው?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እርሳቸውም «ሳቁ፤ ግን ውጭ ሆናችሁ ሳቁ። ግድግዳ ሳይቀባም ዘመን ይለወጣል» ይሉ ነበር። እየዋለ እያደረ ሴቶቹ ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ሳያነሱ ወደ ውስጥ መፈልፈሉን ተዉት።

በቤታቸው ጸሎቱን ሁልጊዜ የሚጀምሩት «በደላችንንም» ከሚለው ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በሆዳቸው ይበሉት ወይም ይዝለሉት አናውቅም፤ ድምፃቸውን ግን አያሰሙም ነበር። እኛም ልጆቻቸው ጸሎቱ እንዲያ የሚጀምር መስሎን አደግን። ፋሲካ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብታ በሰው ፊት ስትጸልይ፣ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ «ማነው አንገቱን ቆርጦ ያስተማረሽ?» ብለው ሕፃናቱን አሳቁባት። እናታችን ይህን ሲሰሙ መሪጌታ ዘንድ ሄደው «መጀመሪያው ባለቤት አለው፣ የኔታ» አሏቸው። ታሪኩንም ነገሯቸው። መሪጌታ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የየኔነሽን ስም በጸሎት ሳይጠሩ ቀርተው አያውቁም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የጡት ካንሰር ታመሙ። በዚያው ሰሞን በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መንገዱም አንዴ ተከፍቶ አንዴ የሚዘጋ ሆነ። መንገድ ሲገኝ ባሕር ዳር ታከሙ፤ ሲታጣ ጠበቁ። ሕመማቸው ግን አልጠበቃቸውም። ሩቅ አገር ይማር የነበረው ልጃቸው ዓለምነህ ሊያስታምማቸው ተመለሰ። መጸለይ መተዉን፣ የሚያምነውንም እንደማያውቅ ሲነግራቸው አልተቆጡም። «አያትህ ጓደኛ አገኘች በለኛ» ብለው ሳቁ። በሕመማቸው ዘመን ከሳቁት ሳቅ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው እሱን ነው።

የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን ሲያውቁ ወደ ትውልድ መንደራቸው፣ ወደ ሁለቱ እናቶቻቸው እንዲወሰዱ ለመኑ። ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ልጆቻቸው ከአፋቸው ሰምተውት በማያውቁት ቃል «አባታችን ሆይ» ብለው ጀመሩ። እየደከሙ፣ እያረፉ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ከሚለው ደረሱ። እዚያ ላይ ቆሙና ዓለምነህን ተመለከቱት። እርሱም በልጅነቱ ከእርሳቸው የተማረውን ቀሪውን ክፍል እስከ አሜን ድረስ አለላቸው። ታምናለህ ወይ ብለው አልጠየቁትም። ወይዘሮ ውባለም እግራቸውን ይዘው ነበር፤ ወይዘሮ አዛለች ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በዚያች ሰዓት በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው አቶ እንየው፣ ልጆቻቸው ዓለምነህና ፋሲካ፣ ወላጅ እናታቸው ወይዘሮ አዛለች፣ ጸሎት ያስተማሯቸው እናታቸው ወይዘሮ ውባለምም እነሆ በዚህ ለቅሶ ላይ አሉ። ወይዘሮ አዛለች ዛሬ አራተኛ ልጃቸውን ይቀብራሉ። የሚጠይቁት ጥያቄ አላቸው፤ ይህን የጻፈው የልጅ ልጃቸው መልሱን ፈልጎ አላገኘም፤ አብሯቸው ተቀምጧል።

እናታችን አንድ አደራ ትተዋል። «አፈሩን ስትመልሱብኝ አትጣደፉ። አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ» ብለዋል። ስለዚህ አካፋ የምትይዙ ወንድሞች፣ እባካችሁ ቀስ በሉ።

እናታችን የታመኑበት አምላክ ነፍሳቸውን ከየኔነሽ ጋር ያገናኝልን። አፈሩን እኛ ቀስ አድርገን እንመልሳለን፤ ገለባ ማድረጉን ለእርሱ ትተናል።