በአዳራሹ በር ላይ የተለጠፈችው ልጄ

ኦክቶበር 6

ቀይ ቃሪያ ስጠብስ ዋልኩ። ጥፍሬ ሁሉ ጠቁሯል። ቬሊካ ከጎረቤት መጥታ ማሰሮውን ታማስላለች፣ አፏ ግን አያርፍም። ቴሌቪዥኑ ላይ ፕሮፌሰር ካሜኖቭ ነበር፤ የልጄ የዝላቲና አለቃ። ያው ሻርፕ፣ ያው ፈገግታ። ከጃንዋሪ ጀምሮ እኛም በዩሮ ስንገበያይ ንግዳችን እጥፍ ይሆናል አለ።

«ሰውየው ግን ያምርበታል» አለች ቬሊካ።

«ከወገብ በላይ ብቻ ስለሚያሳዩት ነው።»

ልጄ ይህን ነገር ሦስት ዓመት አጥንታዋለች። ቀድመው ዩሮ ውስጥ የገቡትን አገሮች ንግድ። እራት ላይ በእንዲህ ያለ ወሬ ትስቅ ነበር። «እማዬ፣ ንግዱን ያሳደገው የድንበር ሰልፍና ቀረጥ መቅረቱ ነው። ዩሮው ራሱ የጨመረው ጥቂት ነው። ጥቂት መሆኑ ደግሞ ነውር የለውም።» ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ኤፕሪል ላይ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰና...

ቃሪያው ጨው በዛበት።

ኦክቶበር 9

የልጄ ጥናት ታትሞ በፖስታ መጣ። ሽፋኑ ላይ ካሜኖቭ ብቻ። የእሷ ስም ውስጥ፣ ከገጽ ግርጌ፣ ትንኝ በሚያካክል ፊደል፦ «ቁጥር በመሰብሰብ ለረዳችን ለሟች ዝላቲና ቦዬቫ ምስጋና እናቀርባለን።» ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ። ስትጽፈው ጮክ ብላ አንብባልኛለች። «ጥቂት» የሚለው የለም። «እጥፍ» ሆኗል።

ከመጽሐፉ ጋር ቸኮሌት ልኳል። ለቬሊካ ሰጠኋት። አይጥምም አለች። በላችው ግን።

ኦክቶበር 10

ደወልኩለት።

«ወይዘሮ ስቶይካ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን ይህ የሙያ ጉዳይ ነው።»

«መጨረሻውን ለምን ለወጡት?»

«ጊዜው አይደለም። ገንዘቡ ሊቀየር ነው። ሕዝቡን ማደናገር አያስፈልግም።»

«ስሟስ ማንን ያደናግራል?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሟች ቀርባ ጥያቄ መመለስ አትችልም።»

«እርስዎም እኮ በሕይወት ቆመው አልመለሱም።»

ስብሰባ አለብኝ ብሎ ዘጋ። ይህን ሰው ነው ልጄ «መምህሬ» የምትለው? ሻርፕ የተጠመጠመበት ባዶ ጠርሙስ።

ኦክቶበር 11

ዝናብ። ማንም አልመጣም። ይሻላል።

ኦክቶበር 17

መንፈቋ ደረሰ። የሙት ወረቀቷን፣ በየበሩ የምንለጥፈውንና ዝናብ እስኪያነሣው ማንም የማይነካውን፣ ላሳትም ሄድኩ። አታሚው ለአርባዋ የሰጠሁትን ፎቶ አስቀምጦታል።

«እትዬ፣ ‹አንረሳሽም› ልበል እንደ ሌላው?»

«ተው። እኔ የምልህን ጻፍ።»

ቀስ ብዬ ነገርኩት። ዶክተር ዝላቲና ቦዬቫ። የአውሮፓን ንግድና የጋራ ገንዘብ ሦስት ዓመት አጥንታለች። ንግዱን ያሳደገው የድንበሩ መከፈት ነው፣ ገንዘቡ የጨመረው ጥቂት ነው ብላለች። ፕሮፌሰር ካሜኖቭ «እጥፍ» ብሎ በስሙ አሳተመው። እናቷ።

መጻፉን ተወና አየኝ። «ይህ ለሙት ወረቀት ይሆናል?»

«ሟቿ የኔ ናት።»

ጻፈው።

ኦክቶበር 21

ጧት ቤተ ክርስቲያን። የስንዴ ንፍሮው ተባረከ። ወረቀቱን ቤታችን በር ላይ፣ ፌርማታው ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ካሜኖቭ የውጭ ሊቃውንት ወደሰበሰበበት አዳራሽ ሄድኩ። በሩ ላይ መሐል ለመሐል።

ዘበኛው መጣ። «እማማ፣ እዚህ ክልክል ነው።» ፎቶዋን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። «ልጅዎ ናት?»

«ናት።»

«ነፍስ ይማር። እኔ አላየሁም።»

ንፍሮ ዘገንኩለት። እየበላ ሳለ ካሜኖቭ እንግዶቹን አስከትሎ ደረሰ። አነበበ። ጆሮው ቀላ።

«አንሣው ይህን» አለ።

«የሙት ወረቀት እኮ ነው፣ ጌታዬ። ዝናብ ያንሣው እንጂ እኔ እጄን አላነሣበትም። እርስዎ ከደፈሩ ይቅደዱት።»

እጁን ሰነዘረ። ወረቀቱ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ። ለካ እሱም እዚሁ ነው የተወለደው... እጁን ኪሱ ከተተ። ከኋላው አንዲት ሴት በእኛ ቋንቋ እየተኮላተፈች «ምን ይላል?» አለች። ዘበኛው አነበበላት። ሁሉንም። ድምፁ ደግሞ ወፍራም ነው።

ሊቁ ካሜኖቭ በጎን በር ገባ።

ኖቬምበር 3

ያቺ ሴት ቤቴ መጣች። ማርዬታ ትባላለች፣ ከስሎቬንያ። ዝላቲና የእነሱንም አገር አጥንታለች። ዋናው ጽሑፍ አለ ወይ አለችኝ። የልጄን ኮምፒውተር ከፈትኩላት። እስከ መጨረሻው አነበበች። «ትክክል ነው፤ እኔ በማዘጋጀው መጽሔት ላይ በስሟ ይታተማል» አለች። ሾርባዬን ሁለቴ አስጨመረች። እሷን አልናቅኋትም።

ጃንዋሪ 8

ዛሬ ዳቦ በዩሮ ገዛሁ። ዳቦው ያው ዳቦ ነው።

ማርዬታ ካሳተመችው ወዲህ ጋዜጠኞቹ ስለ ልጄ ይጠይቃሉ። ማታ ካሜኖቭን ጠየቁት፤ ንግዱ እጥፍ ይሆናል ወይ? ተቅለሰለሰ። «በዶክተር ዝላቲና ቦዬቫ ጥናት መሠረት... ጭማሪው ጥቂት ነው።» ሁልጊዜ እንዲያ ይል የነበረ ይመስል። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ስሟ በዚያ አፍ ሲወጣ ቴሌቪዥኑን ልዘጋው ተነሣሁ።

ግን ስሟ ነው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ፤ ቬሊካም በግድግዳው በኩል ትስማ።