ወደ ኪሮስ የሄደው ውሃ

ሰኔ 10፣ ማምሻውን
ዛሬም ሰማዩ ጥርት። የውሃ ቦቴው አልመጣም። ጀሪካኖቹን ሰልፍ አስይዤ ወደ ት/ቤት። የፈተና ክለሳ፦ የዋልታ በረዶ። ለተማሪዎቼ በስልኬ ቪዲዮ አሳየኋቸው፤ ተራራ የሚያህል የበረዶ ግግር ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ። ክፍሉ አጨበጨበ! የዚያ አገር ሰዎች ይህን ሁሉ ውሃ አግኝተው ምን ያሳዝናቸዋል አለች አንዷ ተማሪ። መልስ ነበረኝ። ከንፈሯ ደርቆ ሳይ ዋጥኩት።
ለአባዬም አሳየኋቸው። የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ለዝናብ ምህላ ይዘው ሰንብተዋል። መነጽራቸውን ጠርገው ደጋግመው አዩ። «ተመስገን! የተቆለፈው ተከፈተ» አሉ። የሚሞላው ባሕሩ ነው፣ እኛ ጋ አይመጣም ብል ማን ሰምቶኝ። ደመናስ ከባሕር አይደል የሚቀዳው አሉኝ። ትንሽ ልክ መሆናቸው ያናድዳል።

ሰኔ 11
አባዬ ምህላው ላይ ለሕዝቡ ተናገሩ። በረዶው ቀልጧል፣ ውሃው መንገድ ላይ ነው። ሴቶቹ እልል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ሰኔ 13
ኪሮስ የድምፅ መልእክት ላከ። ታናሽ ወንድሜ፤ ባሕር ማዶ፣ ወደብ ዳር የዓሣ መጋዘን ይጠብቃል። የሚያድረው ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ባሕሩ መንገዱን ተሻግሮ ክፍሉ ገባ። ፍራሹ ተንሳፈፈ። ድሮ ከወደቡ ግንብ አያልፍም ነበር ይላሉ የአገሩ ሽማግሌዎች፤ አሁን ጨረቃ በሞላች ቁጥር ይመጣል። እየሳቀ ነው የሚያወራው። ሲፈራ ነው የሚስቀው፣ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ።
አባዬ ሰሙት። ራታቸውን አልነኩም። እኛ የለመንነው ውሃ ወደ እሱ ሄደ አሉኝ።

ሰኔ 15
ጉድ ነው፣ ማስታወሻዬ። ሕዝቡ ቤ/ክ ተሰብስቦ አባዬ ምህላውን መምራት አቃታቸው። «ውሃ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ከደኑት። ሌላ ቄስ ተቀበላቸው። ቤት ስንገባ ተቆጣሁ፤ በረዶውን የሚያቀልጠው ሙቀቱ ነው፣ የእርስዎ ጸሎት አይደለም!
«ታዲያ ልጄ የሚሰምጠው በማን ጥፋት ነው?»
ይህን መልስ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። እሳቸው ፊት ግን ተነስቼ ባዶ ጀሪካኖቹን መደርደር ያዝኩ።

ሰኔ 18
ኪሮስ ደወለ። ጎረቤቶቹ እየለቀቁ ነው። ባሕሩ ይብሳል ተብሏል። እሱ ግን የት ይሂድ? ጥያቄው አንድ ብቻ፦ ዝናብ ጣለ ወይ? ከጣለ አገሩ ገብቶ የአባዬን ማሳ ያርሳል። ካልጣለ መጥቶ ከጉሮሯችን አይሻማም፤ እዚያው ይቆያል። እስከ ነገ ንገሪኝ አለ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ሰኔ 19፣ ጠዋት
ማልጄ ወጣሁ። በጋዝጊብላ ወረዳ በኩል አንዲት ደመና። ቁርስ ሳይደርስ ጠፋች። መሬቱ ሲረገጥ ይቦናል። እውነቱን ልጽፍለት ስልኬን አነሳሁ። አባዬ አጠገቤ ተቀመጡ። ዘንቧል በይው አሉ።
ቀና ብዬ አየኋቸው። ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም።
«ጻፊ! ኃጢአቱን እኔ እሸከማለሁ።»
ጻፍኩ። ዘንቧል፣ ና።
ወዲያው መለሰ። መጣሁ፤ ገብሱን እኔ ሳልደርስ እንዳትዘሩት አለ።
አባዬ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ምህላውን ዛሬ የምመራው እኔ ነኝ ብለው። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። እኔም ልከተላቸው ነው። ኪሮስ ከመድረሱ በፊት ካልጣለ… ብቻ ይጣል።